የደኅንነት ኮሚቴ በድሬዳዋ፦ ለአሠሪዎች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልን አባላት። ረቂቁን እስከ ዓርብ እንጨርሰው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያስገድዳል። ስለዚህ "ኮሚቴ ይኑረን" ብለን የምንለምንበት ምክንያት የለም። ያለው ይሥራ ነው የምንለው።

ከልብስ ስፌት፦ አቦ እውነት ነው! እኛ ጋ ኮሚቴ አለ፤ አባላቱን የመረጠው ግን ማኔጅመንቱ ነው። ኮታ ለመድረስ የመርፌው መከለያ ይነሳል። ሁሉም ያያል። መርፌ ጣቷን ሲበሳት "አልተጠነቀቀችም" ይባላል። የእኛ ተወካይ የተባለው ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ስለሆነ ለማን ይነገራል? የሠራተኛውን ወገን ሠራተኛው ይምረጥ።

ሰብሳቢ፦ አንደኛ ነጥብ ይሁን። በብሪታንያ የ1990 እ.ኤ.አ. መረጃ ተጠንቶ በ1995 ታትሟል። ሁሉንም የሠራተኛ ተወካዮች የሠራተኛ ማኅበሩ በሚሰይምባቸው የአሠሪና የሠራተኛ የጋራ ኮሚቴዎች ባሉባቸው ቦታዎች፣ ማኔጅመንት ብቻውን ከሚወስንባቸው ቦታዎች ይልቅ ለየ1000 ሠራተኞች በአማካይ በ5.7 ያነሰ ጉዳት ተገኝቷል። አሠሪዎቹም ይህን ይዩት።

ከመጋዘን፦ ጋሼ፣ ምርጫው ብቻውን አይበቃም። የእኛን ቃለ ጉባኤ ገልጠው ይዩ። "የፎርክሊፍቱ ክላክስ ይጠገን" ይላል። የሚቀጥለው ወርም ያው። የዛሬው ገጽም ያው። ሰዎቹ ጆንያ ተሸክመው ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚሄዱት፤ ፎርክሊፍቱ ከኋላ ሲመጣ በምን ይስሙ? ማን ይጠግናል፣ እስከ መቼ፣ ገንዘቡ ከየት፣ አልተጻፈም። እያንዳንዱ ውሳኔ ባለቤትና ቀን ይኑረው። ካልተፈጸመ ሥራ አስኪያጁ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ ጽሑፉም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ለእኔ ዋናው ይሄ ነው።

ከክሊኒክ፦ የሌሊት ፈረቃን አትርሱብኝ። ስብሰባው ሁሌም ጠዋት ነው፤ እነሱ ያኔ ተኝተዋል። በሰኔ ሙቀት ካውያ ክፍል ውስጥ ራሷን የምትስት ልጅ ትመጣለች፤ ውሃ ጠጥታ ትመለሳለች፤ መዝገብ ላይ የለችም። ቀላል የሚባለውም ይመዝገብ፣ ኮሚቴውም በየወሩ ይየው።

ከልብስ ስፌት፦ ተወካይ ሆኖ የተናገረ ቢባረርስ? ልጆቹ የሚፈሩት ይህንን ነው።

ሰብሳቢ፦ ልክ ነሽ እህቴ። የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 26 የሠራተኞች ተወካይ መሆን ለስንብት በቂ ምክንያት አይደለም ይላል። ቃሉን እንዳለ እናስገባዋለን። ጓንትና ማስክ ከደመወዝ እንዳይቆረጥም ይጨመር። ረቂቁ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይውጣ። ሶማሊኛውን የሚያርም ሰው አላገኘሁም፤ ፈቃደኛ ካለ እስከ ረቡዕ ይንገረኝ።

ከመጋዘን፦ እኔ አርማለሁ ጋሼ፣ ይላኩልኝ።