ዳታግሪድቪው ውስጥ ያለ ቼክቦክስ፦ ድምሩ ሁልጊዜ በአንድ ክሊክ ወደኋላ ይቀራል

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በሲ ሻርፕ፣ በዊንዶውስ ፎርምስ የሚከፈሉ ኢንቮይሶች ዝርዝር እየሠራሁ ነው። ዳታግሪድቪው (መረጃን በሠንጠረዥ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ግሪድ) ላይ «ይከፈል» የሚል የቼክቦክስ ዓምድ አለ፤ ምልክት የተደረገባቸው ረድፎች ድምር ከታች ሌብል ላይ መታየት አለበት። ድምሩን የማሰላው ሴልኮንቴንትክሊክ (የሴሉ ይዘት ሲጫን የሚነሳ ኢቨንት፣ ማለትም ኮድ የሚያስነሳ ክስተት) ውስጥ ነው። የ1,200 ብሩን ረድፍ ስጫን ሌብሉ 0 ይላል፤ ቀጥዬ የ800 ብሩን ስጫን 1,200 ይላል። ኮዱን ወደ ሴልቫልዩቼንጅድ (የሴሉ ቫልዩ ሲቀየር የሚነሳ ኢቨንት) ባዛውረው ደግሞ ሌላ ሴል እስክነካ ድረስ ጭራሽ አይሠራም። ግሪዱ በባይንዲንግሶርስ (ግሪዱንና መረጃውን በሚያገናኝ ክፍል) በኩል ከዳታቴብል (መረጃውን ሜሞሪ ላይ ከሚይዝ ሠንጠረዥ) ጋር የተያያዘ ነው።

መልስ 1
ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ምክንያት ነው። ቼክቦክሱን ስትጫን ምልክቱ ዓይንህ ላይ ቢቀየርም ሴሉ ገና ኤዲት ላይ ነው፤ አዲሱ ቫልዩ የሚጻፈው ከሴሉ ስትወጣ ነው። ሴልኮንቴንትክሊክ ከመጻፉ በፊት ስለሚነሳ አሮጌውን ታነባለህ።

ከረንትሴልደርቲስቴትቼንጅድ የሚለውን ኢቨንት ያዝ፤ የአሁኑ ሴል ያልተጻፈ ለውጥ እንዳለው ሲታወቅ ይነሳል። እዚያ ውስጥ ኢዝከረንትሴልደርቲ (ያልተጻፈ ለውጥ አለ ወይ የሚለው) ትሩ ከሆነ፣ የአሁኑ ሴልም የቼክቦክስ ሴል ከሆነ፣ ኮሚትኤዲትን (ለውጡን ኮሚት የሚያደርገውን፣ ማለትም ወዲያው የሚጽፈውን ሜተድ) ጥራ፤ የምትሰጠው ዳታግሪድቪውዳታኤረርኮንቴክስትስ ነጥብ ኮሚት ነው። ሴልቫልዩቼንጅድ ወዲያው ይነሳል፤ ድምሩን እዚያ አስላ። የቼክቦክስ ሴል መሆኑን ማጣራት አትተው፤ ካልተጣራ የብር መጠን የሚጻፍበት ዓምድም ገና በመጀመሪያው ፊደል ኮሚት ይደረጋል፣ ተጠቃሚው ጽፎ ሳይጨርስ ስህተት ሊመጣበት ይችላል። ሴልቫልዩቼንጅድ ውስጥ ደግሞ ሮውኢንዴክስ ከ0 ካነሰ ተመለስ፤ ያ የርዕሱ ረድፍ ነው።

መልስ 2
በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ግን ዳታቴብል ስላለህ ሁለት ነገር ይቀርሃል።

ማንም ያልነካው ሴል ፎልስ አይደለም። ከዳታቴብል የመጣ ባዶ ሴል ዲቢነል (ቫልዩ የለም የሚል ምልክት) ነው፤ ቫልዩን ወደ ትሩ ወይም ፎልስ የሚቀይረው ኮንቨርት ነጥብ ቱቡሊያን እሱ ላይ ኢንቫሊድካስትኤክሴፕሽን የሚባል ስህተት ይወረውራል። የዓምዱን ዲፎልትቫልዩ ፎልስ አድርገው፤ ከዳታቤዝ ባዶ የሚመጡ ካሉ ደግሞ ኩዌሪው ላይ ወደ 0 ቀይራቸው።

ሁለተኛ፣ ኮሚትኤዲት የሚያደርሰው እስከ ሴሉ ብቻ ነው። ረድፉ ራሱ አሁንም ኤዲት ላይ ስለሆነ፣ ድምሩን በዳታቴብሉ ኮምፒዩት (የራሱ የማስሊያ ሜተድ) ካሰላህ የመጨረሻው ምልክት አይቆጠርም። ለውጡን ወደ ዳታቤዝ የሚያስቀምጠው ዳታአዳፕተር አፕዴት ሲያደርግም ያችን ረድፍ ይዘልላታል፤ ተጠቃሚው «መረጥኩት እኮ፣ አልተቀመጠም» የሚለው ያኔ ነው። ከማስላትህም ከማስቀመጥህም በፊት የባይንዲንግሶርሱን ኤንድኤዲት (የረድፉን ኤዲት የሚዘጋውን ሜተድ) ጥራ።

ጠያቂው
ሠርቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዓምዱን ርዕስ ሲጫኑ ሁሉም እንዲመረጥ በሉፕ የየረድፉን ሴል ቫልዩ ትሩ አደርጋለሁ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ምልክት ያገኛሉ፤ የሚቀረው መጨረሻ የተነካው ሴል ነው።

መልስ 1
ቫልዩውማ ተቀይሯል፤ ሴሉ ኤዲት ላይ ስለሆነ የያዘውን አሮጌ ምልክት ያሳያል። ከሉፑ በፊት የግሪዱን ኤንድኤዲት ጥራ፤ ከሉፑ በኋላም ሪፍሬሽኤዲትን (ሴሉ የሚያሳየውን ከቫልዩው ጋር የሚያስተካክለውን) ጨምር።

ሌላው ፍጥነት ነው። 500 ረድፍ ካለ ሴልቫልዩቼንጅድ 500 ጊዜ ይነሳል፤ በየጊዜው 500ውንም ስትደምር 250,000 ንባብ ይሆናል። ሉፑ እስኪያልቅ ኢቨንቱን ንቀለው፣ ከዚያ መልሰህ ሰክተህ አንድ ጊዜ ብቻ ደምር። ግሪዱ ግርጌ ላይ ለአዲስ መዝገብ ባዶ ረድፍ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ ኢዝኒውሮው ትሩ የሆነውን ዝለል፤ አዲስ መዝገብ ከዚያ የማይገባ ከሆነ ይህን ባዶ ረድፍ የሚያሳየውን አላውዩዘርቱአድሮውስን ፎልስ ማድረግ ይበቃል።