ጠቅልሎ መግባት፦ ቱሉ ዲምቱ፣ የትምህርት ቤት አትክልትና ጥገና ሥራ

ሰላም ወገኖች። ፍራንክፈርት አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ 9 ዓመት በሃውስማይስተርነት ሠራሁ፤ ሣር አጭዳለሁ፣ በር እጠግናለሁ፣ በረዶ ሲጥል ጨው እበትናለሁ። አሁን ጠቅልዬ ልገባ ነው። አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ያለ የግል ትምህርት ቤት በዚሁ ሙያ ሊቀጥረኝ ፈልጓል። ፓስፖርቴ የጀርመን ነው፤ የሥራ ፈቃድ እጠየቃለሁ? ሥራውስ እንዴት ነው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን አውጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 እሱን የያዘ ሰው ለመቀጠር የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም።

እኔም ከኦስሎ ተመልሼ እዚያው ሰፈር በዚሁ ሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው አሉ፤ የእኛ ግቢ ግን ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። የገባሁ ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ለምዝገባ ግቢውን ሳሰናዳ፣ የሁለተኛ ክፍል የላሜራ በር አልዘጋ አለኝ። ጠርዙን በግራይንደር በላሁት፤ ተዘጋ፣ ተመሰገንኩ። ጥር ላይ ወለሉ ሲወርድ የቁልፉ ምላስ ቀዳዳውን በአንድ ጣት ሳተ። ልጆቹ በሩን በድንጋይ ደግፈው ሲማሩ ሰነበቱ፣ እኔም አፈርኩ። አሁን በሩን አልነካም፤ ምላሱ የሚገባበትን ቀዳዳ ወደ ላይና ወደ ታች በሞረድ ረዘም አደርገዋለሁ፣ ክረምትም በጋም ይይዛል። ቧንቧም ያው ነው፣ አፈሩ ሲንቀሳቀስ መገጣጠሚያው ይለቃል፤ የሚለቀው ደግሞ ሁልጊዜ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሌሊት ነው።

ጎመንና ቆስጣ ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከል። ሜዳው ላይ ከሆነ ሥሩ ይበሰብሳል። ዝናብ ላይ ዶማ አታንሳ፣ አፈሩ እንደ ጡብ ነው የሚደርቀው።

ደመወዙን ወደ ዩሮ አትመንዝረው፣ ያምሃል። ውልህ በጽሑፍ ይሁን፤ በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድም 16 የሥራ ቀን ነው። የሥራ ዝርዝሩንም አስጽፍ። እኔ ሳላስጽፍ ቀርቼ ዘበኛው በቀረ ቁጥር በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

ሌላ መልስ፦
ሁሉም ለጥምቀት ና ይልሃል፤ ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ዘመድ ሞልቷል። ባለቤቴ እንደዚያ ለሦስት ሳምንት አይቶ ወሰነ፣ በመጀመሪያው ሐምሌ ጭቃው ጫማውን ሲያስቀርበት ልመለስ አለ። ወንድሜ፣ ከመፈረምህ በፊት ነሐሴ ላይ ሁለት ሳምንት እየው። ጠዋት ታክሲ ተሰልፈህ፣ በእግርህ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሂድ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። የነሐሴ ቲኬት እያየሁ ነው። ቦቲ ከዚህ ልያዝ?

መልስ፦
ቦቲ እዚህ ሞልቷል። ጥሩ ሞረድ ያዝ፣ ሁለት ከሆነ አንዱን ለእኔ።