ሲልቨርተን ላይ ኤቲቪ፦ የመለማመጃ ፈቃድ ያለው ልጅ መንዳት ይችላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ኤቲቪ (ባለአራት ጎማ የተራራ ሞተር) የምትነዱ ካላችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ከሲልቨርተን ከተማ ሲናመን ፓስ በሚባለው የተራራ መተላለፊያ በኩል ወደ ሌክ ሲቲ ከተማ መውጣት ፈልገናል። ከኤፕሪል 1 እስከ ማርች 31 የሚያገለግለው የግዛቱ የኤቲቪ ምዝገባ ስቲከር ተለጥፏል፤ ጭስ ማውጫው እሳት እንዳያስነሳ ብልጭታ መያዣ አለው፤ ድምፁም ከ96 ዴሲቤል በታች ነው። የሲልቨርተን ከተማ መንገዶች በ2021 በሕዝብ ድምፅ ለኤቲቪ ስለተዘጉ ከተጎታቹ የምናወርደው ከከተማው ክልል ውጭ ነው።

የቸገረኝ የመለማመጃ ፈቃድ ያለው የ15 ዓመቱ ልጅ ነው። የግዛቱ ሕግ 10 ዓመት የሞላው ልጅ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በቅርብ እስከተቆጣጠረው ድረስ ለኤቲቪ በተከፈተ መንገድ እንዲነዳ ይፈቅዳል። ሲልቨርተን ያለችበት ሳን ሁዋን ካውንቲ (የአካባቢው አስተዳደር) ግን በራሱ መንገዶች ላይ መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ታዲያ መለማመጃው እንደ መንጃ ፈቃድ ይቆጠራል? አባትየው በሌላ ኤቲቪ ከኋላ ቢከተለውስ? አብሮት እንዳይቀመጥ ኤቲቪው ባለአንድ መቀመጫ ነው፤ በዚያ ገደል ላይ ደርቦ መጫን ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ኢንሹራንሱም አለ። የመኪናው ውል ኤቲቪን አይሸፍንም፣ ለብቻው ተገዝቷል፤ የልጁ ስም ውሉ ላይ መግባት አለበት? ሸሪፍ (የካውንቲው ፖሊስ) ሲያስቆም የትኛውን ወረቀት እንደሚጠይቅ በቅርቡ የሄደ ሰው ቢነግረኝ። «ማንም አያይህም» የሚለው መልስ ይቅርብኝ።