ለቤት የትኛው ማጫወቻ ይሻላል? የሰርግ ቪዲዮ፣ የቴሌግራም ፊልም እና ዩቲዩብ በአንድ ሪሞት

የሰኞ ገበያዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ላለ ቤት ማጫወቻ መግዛት ፈልጌ ምክራችሁን ልጠይቅ። ያለውን ዕቃ ልዘርዝር፦

ቲቪው 43 ኢንች ሆኖ 4ኬ ነው፤ ሁለት ኤችዲኤምአይ እና አንድ ዩኤስቢ አለው። ስማርት ቢሆንም አሮጌ ስለሆነ ዩቲዩቡ መሥራት አቁሟል። የዲሽ ሪሲቨር አለ። በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራ ትንሽ 1 ቴራ ሀርድ ዲስክ ላይ በስልክ የተቀረጹ የልጆች ቪዲዮዎች፣ መንዙማ እና ከቴሌግራም የወረዱ ፊልሞች አሉ። የሰርግ ዲቪዲዎችም ገና ያልተገለበጡ አሉ። ኢንተርኔቱ 10 ሜጋቢት ነው፤ ራውተሩ ያለው ከሳሎን ግድግዳ ወዲያ ነው።

ችግሮቹ፦ አንዳንዱ ፊልም ምስሉ ይመጣል፣ ድምፅ የለውም። አንዳንዱ ጭራሽ «ፎርማቱ አይደገፍም» ይላል። የአማርኛ ሰብታይትል ያለው ላይ በፊደሉ ፋንታ ሳጥን ሳጥን ይደረደራል። ሰው የቀረጸልን የሠርግ ፋይል ደግሞ ካሜራው በዞረ ቁጥር ይንገጫገጫል። ሱቅ ላይ «8ኬ፣ 128 ጊጋ፣ ሁሉን ያጫውታል» የተባለ ቦክስ አለ። ልግዛው? ወይስ ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሹ ኮምፒውተር ይሻላል? እናቴም ያለ ሰው እርዳታ ከፍታ የምታየው መሆን አለበት።

ጦሳ ሥር

አብሽሪ እህት፣ አራቱም ችግሮች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ አንዱም ግን በጉልበት ማነስ የመጣ አይደለም። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 8ኬ ተጻፈም አልተጻፈም አይፈታቸውም።

ድምፅ የሌላቸው ፊልሞች ድምፃቸው ዲቲኤስ በሚባለው አሠራር የተጨመቀ ነው ማለት ይቻላል። ዲቲኤስ የፈቃድ ክፍያ ስላለበት ብዙ ቲቪዎች ውስጥ የለም፤ ምስሉን ያሳዩሽና ድምፁን ይተዉታል። «አይደገፍም» የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤች.265 ባለ 10 ቢት ወይም ኤቪ1 በሚባል የምስል አጨማመቅ የተሠራ ነው። በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ኤምኬቪ፣ ኤምፒ4 የሚባለው ጆንያው ነው፤ ቲቪሽ የሚመርጠው ጆንያውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን እህል ነው። ለማወቅ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ ክፈቺና «ቱልስ» ከሚለው ሥር «ኮዴክ ኢንፎርሜሽን»ን ተጫኚ። ምስሉ በምን፣ ድምፁ በምን እንደተጨመቀ፣ በሴኮንድ ስንት ምስል እንዳለው ሁሉ እዚያ ተጽፏል።

መንገጫገጩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ካሜራማኑን የሚወቅሰው በከንቱ ነውና። በእኛ አገር የሰርግ ቪዲዮ ባብዛኛው የሚቀረጸው በሴኮንድ 25 ምስል ነው። ቲቪው ወይም ቦክሱ በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ጊዜ ምስል እያደሰ፣ ሲሠራ 25 ለ60 እኩል አይካፈልም፤ አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ይታያል። ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ አይታወቅም። ካሜራው ከሙሽሮቹ ወደ እድምተኛው ሲዞር ግን ግርፍ ግርፍ ይላል። መፍትሔው ማጫወቻውን ወደ 50 ኸርዝ መቀየር ነው። ኮዲ በሚባለው የማጫወቻ አፕ ላይ ሴቲንግ፣ ፕሌየር፣ ቪዲዮ ገብተሽ «አድጀስት ዲስፕሌይ ሪፍሬሽ ሬት» የሚለውን «ኦን ስታርት/ስቶፕ» ካደረግሽው በየፋይሉ ራሱ ይቀይራል። 25 ለሆነው 50፣ ለስልኩ ባለ 30 ደግሞ 60 ያደርገዋል። ሲቀይር ስክሪኑ አንድ ሁለት ሴኮንድ ይጨልማል፤ አትደንግጪ።

ለአንቺ የምመርጠው የጉግል ፈቃድ ያለው የጉግል ቲቪ ቦክስ፣ ዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው፣ ኤች.265 ባለ 10 ቢት እና ኤቪ1 በቺፑ የሚፈታ ነው። ለምሳሌ ሻኦሚ ቲቪ ቦክስ ኤስ ሁለተኛው ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. የ2023ቱ፣ 2 ጊጋ ራም፣ 8 ጊጋ ማከማቻ እና አንድ ዩኤስቢ 2.0 አለው። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ የለውም። 8 ጊጋው ቶሎ ስለሚሞላ ዩቲዩብ፣ ኮዲ እና ቪኤልሲ ጭነሽ በዚያው ብታቆሚ ይሻላል። ዩኤስቢ 2.0 መሆኑ አያሳስብሽ፤ በሴኮንድ 30 ሜጋባይት አካባቢ ያሳልፋል፤ ከባድ የሚባለው 4ኬ ፊልም እንኳ ከ10 እስከ 12 ሜጋባይት ነው የሚፈልገው።

ዋይፋዩን በ2.4 ጊጋኸርዝ አድርጊው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ላይ ይደክማል፤ መስመርሽ 10 ሜጋቢት ስለሆነ የ5ቱ ፍጥነት ምንም አይጨምርልሽም።

ቦርከና 12

ያንን 8ኬ ቦክስ ከመግዛትሽ በፊት ሱቁ ውስጥ ሆነሽ ሦስት ነገር ፈትሺ።

አንደኛ፣ ሲከፈት ገጹ እንደ ታብሌት ከሆነና ፕሌይ ስቶሩ የስልኩ ዓይነት ከሆነ፣ ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» የሚለውን ክፈቺ። «ሰርቲፋይድ» ካላለ ፈቃድ የለውም። ሁለተኛ፣ ዲአርኤም ኢንፎ የሚባለውን አፕ አስጭኚና ዋይድቫይን (የፊልም ቅጂ መከላከያው) ስንተኛ ደረጃ እንደሚል እዪ። ኤል3 ከሆነ ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ከ480 መስመር አካባቢ በላይ አይሰጡትም፤ ቲቪው 4ኬ ቢሆንም ምስሉ ብዥ ያለ ነው። ኤል1 ቢሆንም ኔትፍሊክስ የራሱን ፈቃድ ለብቻው ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ አይዳ64 በሚባለው አፕ ትክክለኛውን ቺፕ፣ ራም እና የአንድሮይድ ደረጃ ተመልከቺ። ሴቲንጉ ላይ አንድሮይድ 13 ተጽፎ ውስጡ የ7 ወይም የ10 ሆኖ መገኘት የተለመደ ማጭበርበር ነው፤ 128 ጊጋውም እንዲሁ።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ፈቃድ የሌላቸው ርካሽ ቦክሶች ከፋብሪካ ጀምሮ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ተጭኖባቸው ሊመጡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው የእንዲህ ዓይነት ቦክሶች መረብ በይፋ አስጠንቅቋል። ቦክሱ ከእናንተ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ለሌላ ሰው ትራፊክ ያሻግራል፤ ፓኬጁ ሲያልቅ ከየት እንደሄደ አይታወቅም። ቤት ውስጥ የልጆች ቪዲዮ ያለበት ዲስክ የሚሰካበት ዕቃ እንዲህ መሆን የለበትም።

ራስበሪ ፓይን በተመለከተ፣ ለፋይል ብቻ ቢሆን ፓይ 4 ኮዲን ብቻ በሚያስነሣው ሊብሬኤሌክ በሚባል ሲስተም በጣም ጥሩ ነው፤ ኤች.265ን እስከ 4ኬ በ60 በቺፑ ይፈታል። ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ላይ ግን በአድኦን እየተጠጋገነ የሚሄድ ስለሆነ አንዱ ቀን ይሠራል፣ አንዱ ቀን ይቆማል። መብራት በድንገት በሄደ ቁጥርም ኤስዲ ካርዱ የመበላሸት አደጋ አለው። በስልክ ቻርጀር ካስነሡት ኃይል ያንሰውና ማዕዘኑ ላይ የመብረቅ ምልክት ያወጣል፤ 5 ቮልት 3 አምፒር ይፈልጋል። ለእናትሽ አልመክርም።

ስለ እናትሽ ካነሣን፣ ቲቪው ላይ ኤችዲኤምአይ ሲኢሲን ክፈቺው። ሳምሰንግ ላይ «ኤኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ ላይ «ብራቪያ ሲንክ» ይባላል። የቦክሱን ሪሞት አንዴ ስትጫን ቲቪው አብሮ ይበራል፣ ወደ ትክክለኛው ኤችዲኤምአይም ራሱ ይዞራል። ሪሲቨሩ ሌላው ቀዳዳ ላይ ይቆይ።

ገራዶ 220

ስለ ዲስኩ የጻፈ ስለሌለ እኔ ልጨምር፤ ቦክስ ቢበላሽ ይገዛል፣ የልጆች ቪዲዮ ግን አይገዛም።

ዩኤስቢ 2.0 በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ነው። ትንሹ ሀርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ወደ 1 አምፒር ሊጠጋ ይችላል። ኃይል ሲያንሰው «ቀጭ... ቀጭ...» ይላል፣ ይነሣል፣ ይተኛል፤ ወይም ፊልሙ መሐል ላይ ዲስኩ ከዝርዝሩ ይጠፋል። ሰው ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ፎርማት ያደርገዋል፤ ችግሩ ግን የኃይል ነበር። የራሱ ቻርጀር ያለው ዩኤስቢ ሃብ፣ 5 ቮልት ቢያንስ 2 አምፒር፣ መሐል ላይ ግቢና ዲስኩን እሱ ላይ ሰኪ። ቀጭንና ረጅም ገመድም ቮልቱን ይጥላል፤ ከዲስኩ ጋር የመጣውን አጭሩን ተጠቀሚ።

ያለውን ሁሉ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጠሽ የዲስኩን ፎርማት ኤንቲኤፍኤስ አድርጊው። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት ይቀበላል፤ ግን አሮጌ ቲቪና ሪሲቨር ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ የለውጥ መዝገብም ስለማይዝ እየተጻፈበት መብራት ከሄደ ማውጫው ሊዛባ ይችላል። አንዳንድ ቦክስ ኤንቲኤፍኤስ አያነብም፤ ስለዚህ ሱቅ ስትሄጂ በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ላዩ ላይ አምስት ነገር ይኑር፦ ድምፁ የጠፋው ፊልም፣ አይደገፍም የተባለው፣ ሳጥን የሚያወጣው ከነሰብታይትሉ፣ የሚንገጫገጨው ሰርግ እና አንድ የስልክ ቪዲዮ። ባለሱቁ አይፈተንም ካለ ሌላ ሱቅ አለ፤ ደሴ ባይገኝ ኮምቦልቻ ቅርብ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቲቪም ሪሲቨርም ዲስክ ሲሰካባቸው «ለቀረጻ ላዘጋጀው?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። «እሺ» ከተባለ ዲስኩ ባዶ ይሆናል፤ ያለው ሁሉ ይጠፋል። እናትሽ ሪሲቨሩ ላይ ዲስኩን እንዳትሰካ ከወዲሁ ንገሪያት። ሁለተኛ ቅጂም ይኑር፤ እሱም ሌላ ቤት ይቀመጥ።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል አመል የለውም። ቲቪውንና ቦክሱን በአንድ ዲቫይደር አድርገሽ መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፊ፤ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከረጋ በኋላ አብሪ። ለራውተሩ ባለ 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ ጥሩ ነው። 8,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 ቮልት ወደ 32 ዋት ሰዓት ነው፤ ብክነቱ ተቀንሶ 6 ዋት ለሚበላ ራውተር አራት ሰዓት ያህል ይሰጣል፣ የተጻፈው ቁጥር እውነት ከሆነ።

ሐይቅ ዳር

ዲቪዲዎቹን በተመለከተ አትዘግዪ፤ ቤት ውስጥ የተቃጠለ ዲስክ ቀለሙ ከዕድሜ ጋር ይበላሻል። ኮምፒውተር ላይ ሜክኤምኬቪን ጭነሽ ዲስኩን አስገቢ፣ ረጅሙን ክፍል ብቻ ምረጪና አስቀምጪ። በየ1 ጊጋው ተቆራርጠው ያሉትን ፋይሎች አንድ ያደርጋቸዋል፤ ምስሉን እንደገና ስለማይጨምቀው ጥራቱ አይቀንስም። ይህ ዋናው ቅጂሽ ነው፤ አትሰርዢው።

ጥርት ብሎ እንዲታይ ከፈለግሽ ከዚያ ቅጂ ሀንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ሌላ ፋይል አውጪ። የዲቪዲ ምስል በጎዶሎና በሙሉ መስመር ተከፋፍሎ የተቀረጸ ሊሆን ስለሚችል የእስክስታው ትከሻ ላይ ማበጠሪያ የመሰለ ጥርስ ይታያል። ዲኢንተርሌስ ላይ ብዊዲፍን፣ አማራጩን ደግሞ «ቦብ» አድርጊ፤ ፍሬም ሬቱን (በሴኮንድ ስንት ምስል የሚለውን) 50 አድርጊው፤ ኤች.264፣ ጥራት 18 ወይም 19። ስፋቱን በእጅሽ አትንኪው፤ ከተነካ ሙሽሮቹ ወይ ይወፍራሉ ወይ ይቀጥናሉ።

ሳጥን ሳጥን የሚለው ሰብታይትል፦ ቲቪው ውስጥ የግዕዝ ፎንት የለም። የሰብታይትሉን ፋይል በኖትፓድ ክፈቺ። አማርኛው በትክክል ከታየ «ሴቭ አዝ» ብለሽ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርጊውና ቦክሱ ላይ በቪኤልሲ ሞክሪው። ኮዲ ከሆነ ግን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት በኮዲው ማውጫ ሚዲያ ውስጥ ፎንትስ የሚለው አቃፊ ውስጥ ጨምረሽ በሰብታይትል ሴቲንግ መምረጥ አለብሽ። ኖትፓድ ላይም የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ብቻ ከታየ ጽሑፉ የተተየበው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው፤ ያንን ፎንት መቀየር አያድነውም፣ መለወጫ ፕሮግራም ይፈልጋል።

ድምፅ የሌላቸውን ፊልሞች ቦክሱ ካልፈታቸው ኮምፒውተር ላይ አቪዴመክስ በሚባለው ፕሮግራም አስተካክዪ። ቪዲዮውን «ኮፒ»፣ ድምፁን ኤሲ3፣ መውጫውን ኤምኬቪ ብለሽ አስቀምጪ። ምስሉ ስለማይነካ ሥራው የደቂቃዎች ነው።

የሰኞ ገበያዋ

አላህ ይስጣችሁ፤ ገባኝ። አንዲት ጥያቄ ቀረችኝ። ኩታበር ያሉት አያቴ ቤት ያለው ቲቪ ኤችዲኤምአይ የለውም፤ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ ቀዳዳ ብቻ ነው። እሳቸውም መንዙማውንና የሰርጉን ቪዲዮ እንዲያዩ ምን ይሻላል?

ጦሳ ሥር

ለአያትሽ ቦክስ አያስፈልግም። ሪሲቨር ካላቸው አብዛኛው ሪሲቨር ዩኤስቢ ያነብባል። ከሀንድብሬክ ያወጣሽውን ኤች.264 እንደገና በ25 ፍሬም፣ በኤምፒ4፣ ድምፁን በኤኤሲ አውጥተሽ ፋት32 በሆነ ፍላሽ ላይ አድርጊላቸው። አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋ እንዳይበልጥ። ፍላሹ ላይ ያንን ብቻ ጫኚ፤ ዝርዝሩ ሲያጥር ለእሳቸው ይቀላል።

ሪሲቨሩ ባለ አንድ ክብ መሰኪያ ወደ ሦስት ቀለም የሚሄድ ገመድ ካለው፣ ገመዱ ከዕቃው ጋር የመጣው ይሁን። የእነዚህ ገመዶች የውስጥ አደራደር ከአምራች አምራች ይለያያል። ሌላ ገመድ ተጠቅመሽ ምስል ጠፍቶ ከድምፅ ማውጫው «ዝዝዝ» የሚል ጩኸት ብቻ ከመጣ፣ ቲቪው በኩል ቢጫውንና ቀዩን አቀያይሪ።