ጸጥ ወዳለች ትንሽ ከተማ ገብቶ ከቤት መሥራት፦ አስቀድሞ ምን ይፈተሽ?

ጥያቄ፦ ዕቃ ጠቅላይ
ከትልቅ ከተማ ወጥቼ ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ለመኖር እያሰብኩ ነው። ሥራዬ በኮምፒውተር ነው፤ በቀን ሁለት ሦስት የቪዲዮ ስብሰባ አለኝ። ኪራይ እንደሚቀንስ፣ መንገድ እንደማይጨናነቅ አውቃለሁ፤ እሱን ተዉት። ከገቡ በኋላ የሚያማርረውን ንገሩኝ። ቤት ከመከራየቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ገመድ ቆጣሪ
ኢንተርኔቱ ላይ አከራይ «ፈጣን ነው» ቢል አይመኑ። እዚያው ቤት ውስጥ ሆነው ጠዋት፣ ከሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይለኩ። የሚታመነው የማታው ቁጥር ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠቀመው ያኔ ነው። ሰው የሚያየው ዳውንሎዱን (ወደ እርስዎ የሚመጣውን ፍጥነት) ነው፤ ስብሰባ ላይ ድምፅዎን የሚቆራርጠው ግን አፕሎዱ (ከእርስዎ የሚወጣው) ነው። ለአንድ ጥርት ያለ የቪዲዮ ስብሰባ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ይበቃል፤ ጎን ለጎን ፋይል የሚጭን ሌላ ሰው ካለ 10 ይፈልጉ። መስመሩ የመዳብ የስልክ ሽቦ ከሆነ ከስልክ ማዕከሉ ያለውን ርቀት ይጠይቁ። ከ3 ኪሎ ሜትር ካለፈ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል፣ ፓኬጅ ማሳደግም አይፈይድም።

ዋናው ወጥመድ መጠባበቂያው ነው። «የቤቱ ከጠፋ በሞባይል ዳታ እሠራለሁ» ይባላል። ትንሽ ከተማን ከውጭ የሚያገናኘው ዋና ፋይበር (የኢንተርኔት ገመድ) ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ቁፋሮ ሲበጥሰው ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ጎረቤትን ሲጠይቁ «ኔትወርክ ይጠፋል?» ሳይሆን «የቤቱና የሞባይሉ አንድ ላይ ይጠፋሉ?» ይበሉ። መልሱ አዎ ከሆነ ሁለተኛ ሲም ገንዘብ ማባከን ሊሆን ይችላል፤ ያለው አማራጭ ሳተላይት ወይም ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሥራ ለዚያ ቀን ማቆየት ነው።

መብራት ሲጠፋ፦ ራውተሩና የፋይበር ሳጥኑ አንድ ላይ 14 ዋት ገደማ ይበላሉ እንበል። 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ 42 ይቀራል፣ ማለትም 3 ሰዓት። በኢንቨርተር ወደ 220 ቀይረው መልሰው ወደ 12 ካወረዱት ከዚያም ያንሳል። ለራውተር ተብሎ የተሠራ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ የባትሪ ሳጥን) ይሻላል፤ የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈው ቮልት ከዩፒኤሱ ጋር አንድ መሆኑን ይዩ። የሞባይል ማማውም ባትሪ እንዳለውና እንደሚያልቅ አይርሱ።

መልስ፦ ውል አንባቢ
ከገመዱ በፊት የሥራ ውሉን ያውጡ። «የሥራ ቦታ» የሚለው አንቀጽ ከተማ በስም ከጠራ፣ ሳያሳውቁ መዛወር ውል መጣስ ሊሆን ይችላል። ደሞዝን በመኖሪያ ቦታ የሚተምን ቀጣሪም አለ። ፈቃዱ በጽሑፍ ሳይመጣ ዕቃ አይጫን። ደግሞ ሥራው ቢቋረጥ እዚያው ተመሳሳዩን ማግኘት ይከብዳል፤ የ3 ወር ተቀማጭ ይበቃኛል የሚል ሰው 6 ያድርገው።

መልስ፦ ጎረቤት
ስለ ሰውም ይነሳ እንጂ! ትንሽ ቦታ አከራይዎ የደንበኛዎ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ያሙት ሰው ማታ ሰምቶታል። ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ቢጣሉ ምናልባት ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ የለም። ስለዚህ ጭቅጭቅ ከመምጣቱ በፊት ቤቱን ሲረከቡ ግድግዳውን፣ ቧንቧውን፣ የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ ያንሱ፤ የጥገና ዋጋም ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ መልእክት ይስማሙ።

በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ የ30 ቀን ትርፍ ይያዙ። ስፔሻሊስት ሐኪም በሳምንት የትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ሌሊት ደግሞ የትኛው ጤና ተቋም ክፍት እንደሆነ ሄደው ይጠይቁ፤ በር ላይ የተለጠፈውን ብቻ አይመኑ።

ዕቃ ጠቅላይ
እግዜር ይስጥልኝ። ለሙከራ ስንት ጊዜ ይበቃል?

ጎረቤት
አንድ ወር፣ ያውም እየሠሩ እንጂ በዕረፍት አይደለም። ከተቻለ በከፋው ወቅት፣ ዝናቡ ወይም ብርዱ ሲበረታ ይሁን። የቀድሞውን ቤት እስከዚያ አይልቀቁ። አዲሱን ቤት በበዓል ቀን ብቻ አይተው እንዳይፈርሙ፤ አጠገቡ ብየዳ ቤት ቢኖር በዓል ቀን ዝግ ስለሆነ ጩኸቱን አይሰሙትም። ዋናው መንገድ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፍ ከሆነም ከባድ መኪኖቹ የሚበዙት ሌሊት ሊሆን ስለሚችል፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ መስኮቱ ስር ቆመው ያዳምጡ።