ከጅማ አርባ ምንጭ በሳይክል፦ በጊቤ ይሻላል በጪዳ?

የቆጪ ልጅ (ጠያቂው)
ሰላም ጅማዎች። እኔና ታናሽ እህቴ ጥር ላይ ዘጠኝ ቀን እረፍት አለን። የድሮ አምሮታችን ሳይክል ነድተን ባሕር ማየት ነበር፣ ጅቡቲ ድረስ ልንሄድ ሁሉ ተማክረን ፓስፖርቱና ብሩ ሲታሰብ ነገሩ ቀዘቀዘ። ባሕር ባይኖረን ሐይቅ አለን ብለን አርባ ምንጭን መረጥን፤ ተራራውም እዚያው ነው። ካርታ ላይ ሁለት መንገድ አየሁ። አንዱ በጪዳና በተርጫ አድርጎ ሶዶ ያወጣል፣ አጠር ይላል። ሌላው በጊቤ ወደ ወልቂጤ፣ ከዚያ በሆሳዕና ሶዶ። ከሶዶ በኋላ ሁለቱም አንድ ነው። የትኛውን ትመክሩናላችሁ? በቀን 100 ኪሎ ሜትር ብንይዝ ይከብዳል? ሳይክሎቻችን ተራ ማውንቴን ናቸው፣ ባለ 26 ጎማ፣ ፍሬናቸው ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ዓይነት። ድንኳን የለንም፣ አልጋ ይዘን ነው የምናድረው። እስካሁን የሄድነው ሩቁ ቦታ ሰርቦ ነው፣ ደርሶ መልስ። አትሳቁ።

አባ ጎጀብ
በጪዳ ከሄዳችሁ ጭዳ ሆናችሁ! ቀልዱ ይቆየንና፣ መንገዱ ማጠሩ እውነት ነው። ግን ሁለት ትልልቅ ሸለቆ አለበት። መጀመሪያ ጎጀብ ትወርዳላችሁ፣ ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። የዳውሮን ደጋ ጨርሳችሁ እፎይ ስትሉ ደግሞ ወደ ኦሞ ቁልቁል ነው። ወንዙ ጋ ከፍታው 1,000 ሜትር አይሞላም፣ ሶዶ ደግሞ 2,000 ሜትር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃችኋለች። በዚያ ላይ ከተማ ከከተማ ይራራቃል፣ መሀል ላይ ሳይክል ቢሰበር ጎሚስታ የለም። አረንጓዴው ግን ልብ ይሰርቃል፣ በመኪና በሄድኩ ቁጥር አንገቴ እስኪያመኝ ነው በመስኮት የማየው። ለሁለተኛ ጉዞ አቆዩት።

ወልቂጤ ጥግ
የጊቤውስ መንገድ ሜዳ መሰላችሁ? ከአበልቲ አፋፍ እስከ ድልድዩ ትወርዳላችሁ፣ ድልድዩ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወልቂጤ ወደ 1,900 ትጠጋለች። 800 ሜትር ሽቅብ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት። ዕቃ የጫነ ሰው ዳገቱ ላይ በሰዓት ስድስት ኪሎ ሜትር ከሄደ ጎበዝ ነው። ስለዚህ በቀን 100 የሚባለውን እርሱት። ዳገቱን ቁጠሩ። በቀን 800 ሜትር ሽቅብ ካለ 50 ኪሎ ሜትር ይበቃል፣ ሜዳ ከሆነ 80 ሂዱ።
ትልቁ ነገር ሰዓቱ ነው። አበልቲ አካባቢ ካደራችሁ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ድልድዩ ላይ ትገኛላችሁ፣ ዳገቱን በጠዋቱ ትጀምሩታላችሁ፣ ወልቂጤ ለምሳ ትደርሳላችሁ፣ ክትፎው በኔ። በስድስት ሰዓት ድልድዩ ላይ ከተገኛችሁ ግን አይሱዙ ለምናችሁ ነው የምትወጡት። ውሃ ለያንዳንዳችሁ አራት ሊትር ያዙ። ሸለቆው ቆላ ነው፣ ወባም አለ፣ እዚያ ለማደር አታስቡ።

የቆጪ ልጅ
እሺ 100ውን ሰረዝኩ። ግን ስለ ቁልቁለቱ ማንም አላወራም። ቁልቁለት እረፍት አይደል እንዴ?

ጎሚስታው
እረፍት ነው ያልከው ልጄ? ስማኝ። እኔ በጎማ ሥራ ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ፣ እንዲያም ሆኖ ጊቤ አዋርዶኛል። ከአበልቲ ስወርድ ፈርቼ ፍሬኑን ጨምድጄ ይዤ፣ አንዴም ሳልለቅ ወረድኩ። ያንተ ዓይነት ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ነው፣ ቸርኬው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ከመነዳሪው ይገባል፣ ውስጡ ያለው አየር ይነፋል። ኩርባ ላይ ስደርስ የኋላው ጎማ እንደ ጥይት ጮኸ። ቦዩ ውስጥ ገባሁ፣ እግዜር ይመስገን ገደሉ በወዲያኛው በኩል ነበር። ሱሪዬና ክርኔ ብቻ ተቀደደ።
እንዲህ አድርጉ። ኩርባው ሳይደርስ ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቁ፣ ነፋስ ያብርደው። እየያዙ መልቀቅ ነው እንጂ ይዞ መቅረት የለም። በየሦስት አራት ኪሎ ሜትሩ ቁሙና ፎቶ አንሱ፣ ለፎቶው ሳይሆን ለቸርኬው። በጣት እንዳትነኩት፣ ያቃጥላል። የፍሬኑን ጎማ ከመነሳታችሁ በፊት በአዲስ ቀይሩ፣ አንድ ጥንድ ደግሞ ትርፍ ያዙ።
ትርፍ ከመነዳሪ ለያንዳንዱ ሳይክል ሁለት። ቫልቩ የመኪና ዓይነት ይሁን፣ ያኔ የትም ያለ ጎሚስታ በኮምፕሬሰር ይነፋላችኋል። ባለ 26 መሆኑም ደግ ነው፣ ትርፍ ጎማ በየከተማው አታጡም። ማስቲሽ፣ መለጠፊያ ጎማ፣ የእጅ መንፊያ፣ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ትንሽ ሽቦ። ካቴናው ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዳትቀቡ፣ አቧራ ይሰበስብና እንደ ሞረድ ይበላዋል።
ዕቃ ደግሞ ወደ ታች ዝቅ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ተመዛዝኖ ይታሰር። በዋዜማው ማታ እሰሩት እንጂ ጠዋት ስትጣደፉ አይሁን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለሳይክል ይመስለኛል።

ቡና ከነጀበናው
ጋሼ ጎሚስታው አንጀቴን በሉት፣ ክርንዎ ዳነ?
ለእህትህ ልጻፍላት፣ ወንዶቹ ስለማያነሱት። መቀመጫዋን አስተካክልላት፣ ያንተን ከፍታ እንዳትሰጣት። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቷ ትንሽ ብቻ እጥፍ ማለት አለበት፣ ዝቅ ካለ በሁለተኛው ቀን ጉልበቷን ይዛ ታለቅሳለች። ረጅም ሱሪና ሰፋ ያለ ሸሚዝ ትልበስ፣ ለፀሐዩም ለዓይኑም ይበጃል። ሞዴስ ከጅማ ይዛ ትውጣ፣ ትንንሽ ከተማ ላይ የምትፈልገውን ላታገኝ ትችላለች። አልጋ የምትይዙት ከ10 ሰዓት በፊት ይሁን፣ ክፍሉን ሳታዩ አትክፈሉ። ሲመሽ መንዳት የለም፣ መብራት የሌለው ጋሪና አህያም መንገዱ ላይ ነው፣ ጅቡን ተዉት።
ልጆች እየጮሁ ይከተሏችኋል። ዝም ካላችኋቸው ድንጋይ ይመጣል፣ ቀድማችሁ ሰላም ካላችኋቸው ዳገቱን ገፍተው ያወጧችኋል። እስከ ጊቤ ድረስ «አካም ጅርቱ» በሏቸው፣ ይሠራል።
ምግብ ጭኮ። ጭኮ ብቻ። አይበላሽም፣ ሆድ ይይዛል፣ ዳገት ላይ እንደ ቤንዚን ነው። በሶም ያዙ። ብስኩት የሕፃን ነው።

የዓባያ ዳር ተማሪ
የጅማ ልጅ ነኝ፣ አርባ ምንጭ እየተማርኩ ነው። እውነቱን ልናገር? ጉዟችሁ ለሐይቅና ለተራራ ከሆነ ጉልበታችሁን ሶዶ ሳትደርሱ አትጨርሱት፣ እስከዚያ በመኪና ሂዱ። ከሶዶ አርባ ምንጭ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ባመዛኙ ቁልቁል፣ ከ2,000 ሜትር ወደ 1,200 ገደማ። ሁለት ቀን ስጡት። ሁምቦን አልፋችሁ ወደ ታች ስትሉ ዓባያ በግራ በኩል ብቅ ይላል። ሰማያዊ ውሃ ከጠበቃችሁ ትደነግጣላችሁ፣ ቀይ ቡኒ ነው፣ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ምዕራብ ዓባያ እደሩ፣ ሙዙና ማንጎው መንገድ ዳር ነው። በማግስቱ በጠዋት ተነሱ፣ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። ዋና ግን የለም! ዓባያም ጫሞም አዞ አለ፣ ጫሞ ጉማሬም አለ፣ እግር ልታጠቡ እንኳ ዳር አትቅረቡ።
ከተማው ሁለት ነው፣ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሼቻ። ደከመኝ ካላችሁ ሲቀላ አልጋ ያዙና በማግስቱ ሼቻ ወጥታችሁ ሁለቱን ሐይቆች ከላይ እዩ፣ መሀላቸው ያለው ኮረብታ የእግዜር ድልድይ ይባላል። ተራራ ካማራችሁ ጨንቻ አለ፣ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ1,200 ገደማ ወደ 2,700 ሜትር። ዕቃችሁን አልጋ ቤት ትታችሁ ውጡ። ዶርዜ ላይ የቆጮ ቂጣ በማርና በዳጣ ብሉ፣ ጋቢም ያዙ፣ ከታች በላብ ወጥታችሁ ላይ ትንቀጠቀጣላችሁ። ስለ ቋንቋ አትጨነቁ፣ አማርኛ ይበቃል።

የቆጪ ልጅ
ዓይናችን በራ። ግን እስከ ሶዶ በመኪና ሂዱ የምትሉት አልዋጥ አለኝ፣ ከደጃፋችን ተነስተን መሄዱ ነው ደስታው።

ወልቂጤ ጥግ
ታዲያ ሁለቱንም አድርጉ። የመጀመሪያ ቀን አሰንዳቦ፣ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ገላ ማሟሟቂያ ነው። በሁለተኛው ቀን ሶኮሩን አልፋችሁ አበልቲ። ይሄኛው ረጅም ነው፣ በጠዋት ውጡ፣ ካልቻላችሁ የመጨረሻዋን በመኪና ሙሏት። ሦስተኛው ቀን ጊቤና ወልቂጤ። አራተኛው ቀን ሳይክሉን መኪና ላይ አስጭናችሁ በሆሳዕና ሶዶ ግቡ። ሁለት ቀን ሐይቁ፣ አንድ ቀን እረፍት፣ አንድ ቀን ጨንቻ፣ አንድ ቀን መመለሻ። ዘጠኝ። ሳይክሉ ሲጫን ፔዳሉን ፍቱትና ማርሹ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጉት፣ ረዳቱ ጆንያ ሊጥልበት ይችላል።
ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን መናኸሪያ ሄዳችሁ የመስመሩን ሹፌሮች ጠይቁ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ የተዘጋ ቦታ አለ ወይ ብላችሁ። ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መታወቂያም አትርሱ፣ ኬላ አለ።

አባ ጎጀብ
ጥር መሆኑ በጀ። በኛ በኩል ዝናቡ ጋብ የሚለው ያኔ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ በዚያ ሰሞን የምትደርሱበት ከተማ ላይ አልጋ ቀድማችሁ ደውላችሁ ያዙ።

የቆጪ ልጅ
ተስማማን፣ የወልቂጤው ዕቅድ ጸደቀ። እህቴ ግን አንድ ጥያቄ አላት፦ እንደምንችለው ሳንወጣ በፊት እንዴት እናውቃለን?

ጎሚስታው
ጅረን ውጡ። ከከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ። ሙሉ ዕቃችሁን ጭናችሁ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ውጡና ውረዱ፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ አንዴ ድገሙት። እሑድ ከአልጋችሁ ተነስታችሁ መቀመጫው ላይ ሳትቃሰቱ ከተቀመጣችሁ ትችላላችሁ። ስትወርዱ ፍሬን መያዝና መልቀቁን ተለማመዱ። ከዚያ ሳይክሎቹን አምጡልኝ፣ የጎማውን ሽቦ አጠባብቄ እሰጣችኋለሁ።

የቆጪ ልጅ
እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ ጅረን ነን። ሰኞ ሳይክሎቹን ይዘን እንመጣለን።

ቡና ከነጀበናው
ጭኮውን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ቅቤውን ግን እናንተ አምጡ።