ስኳር ለጎዳው ሬቲና መርፌና ሌዘር፦ ከ5 ዓመት በኋላ ምን ያህል ይታያል?

ጠያቂ (ኮዬ ፈጬ)
ሰላም ወገኖች። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ከያዛት 14 ዓመት ሆኗታል። ቀኝ ዓይኗ 6/12 (ጤነኛ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ታያለች)፣ ግራው 6/36 ነው። ማኩላዋ (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ የሬቲናው፣ መሃል) ላይ ውሃ ቋጥሯል፣ አዳዲስ ደም ስሮችም በቅለዋል ተብሎ መርፌና ሌዘር ታዘዘላት። ከዚህ መሃል ከተማ በየወሩ መመላለስ ከባድ ነው። መርፌው ስንት ጊዜ ነው? ወደፊትስ ታያለች?

መልስ 1
እግዜር ይማርልህ። የሁለቱ ሥራ ለየቅል ነው። መርፌው፣ አቫስቲን ከሆነ 1.25 ሚሊግራም፣ ውሃውን ያደርቃል፤ እይታ የሚሻሻለው በእሱ ነው። ሌዘሩ ብርሃን አይጨምርም። አዲሶቹን ደም ስሮች አክስሞ ዓይን ውስጥ ደም እንዳይፈስ፣ ሬቲናውም እንዳይላቀቅ ይከላከላል። ይህ ስላልተነገረው ብቻ "ምንም አልጨመረልኝም" ብሎ የሚቀር ሕመምተኛ መኖሩ ያሳዝናል።

አሜሪካ ውስጥ በተደረገ የ5 ዓመት ጥናት፣ ራኒቢዙማብ የተባለው የዚሁ ዓይነት መርፌ በመጀመሪያው ዓመት 8 ወይም 9 ጊዜ፣ በሁለተኛው 2 ወይም 3 ጊዜ ተሰጠ፤ ከአራተኛው ጀምሮ ብዙዎቹ በዓመት አንዴ ቢወጉ ነው፣ ወይም ጭራሽ አላስፈለጋቸውም። የሚከብደው የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ የተገኘው እይታም በአብዛኛው እስከ 5 ዓመት ቆይቷል። ውሃው ለረጅም ጊዜ ከተኛ ግን የሚያየው ሕዋስ ይሞታል፤ ያኔ ቢደርቅም እይታው አይመለስም።

መልስ 2
መንገዱ ሩቅ ከሆነ ሌዘሩን እንዳትተዉት። የመርፌው ኃይል በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፤ በመርፌ ብቻ ቆይቶ ቀጠሮ የሚያቋርጥ ሰው ደም ስሮቹ ተመልሰው ይበቅሉበታል። የሌዘሩ ግን ይቆያል። ከ1200 እስከ 1600 ነጥብ በ2 ወይም 3 ቀጠሮ ተከፋፍሎ ይተኮሳል። ማኩላው እንዳበጠ ከተተኮሰ እብጠቱ ሊብስ ስለሚችል ብዙ ጊዜ መርፌው ይቀድማል። ከሌዘር በኋላ የጎንና የማታ እይታ ይቀንሳል፤ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ መብራት ይኑር።

መልስ 3
ከመርፌው በኋላ የዓይኑ ነጭ ላይ ደም ቢታይ አትደንግጡ፤ በ2 ሳምንት ይጠፋል። በቀጣዮቹ ቀናት ሕመሙ እየጨመረ እይታው ከደበዘዘ ግን ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ ድረሱ። ከፋርማሲ ጠብታ ገዝቶ ማደር ዓይን ያጠፋል።

ቤት ውስጥ አንዱን ዓይን ሸፍና የመስኮቱን ፍርግርግ ትመልከት፤ ብረቱ ከተጣመመባት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትሂድ።

ጠያቂ
ሁለቱም ዓይን በአንድ ቀን ይወጋል?

መልስ 1
ይቻላል፣ ምልልሱንም በግማሽ ይቀንሳል። ለየዓይኑ መርፌውም መሣሪያውም የተለያየ፣ መድኃኒቱም ከተለያየ ባች (በአንድ ዙር ከተመረተ ምርት) መሆን አለበት። ይህን አስቀድመህ ጠይቅ። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ ወደ ታክሲ ብቻዋን አትልቀቃት።